የእድሩ ድንኳን ባሮ ላይ

ጉለሌ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያቴ ለሃምሳ አለቃ ባጫ
ጋምቤላ፣ መርከቡ ያለበት

አባባ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። ደህና እንደሆኑ ሹፌሩ ኢክረማ ነግሮኛል፤ እንዲያውም ወፍረዋል አለ። ጥሩ፣ የምቆጣው ጤነኛ ሰው ላይ ነው ማለት ነው።

«ስልክ ለምን አታነሺም?» ብለው ልከውብኛል። ላስረዳዎት። እርስዎ ጉብዝናዎን በሙሉ የባሕር ኃይል መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ቆመው ጆሮዎን እዚያው ትተውት መጥተዋል። ባለፈው ደውለው ባለኝ አቅም ስጮህብዎት፣ «እኔም ናፍቄሻለሁ፣ ልጄ» ብለው ዘጉት። ሰው ጉሮሮው እስኪነቃ ተቆጥቶ ምርቃት ሲመለስለት ምን ያድርግ? ስለዚህ በወረቀት ነው የምቆጣው። ፊደሉን ያተለቅኩት መነጽርዎን ሰበብ እንዳያደርጉ ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ። ሲሄዱ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገቴ ላይ አስረው «ለማንም እንዳትሰጪ፣ አንቺም እንዳትከፍቺ» አሉኝ። እኔ አልከፈትኩም። ያስከፈቱኝ አቶ ሌሊሳ ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ እምቢ አይባሉ። አግዳሚ ወንበር ፈልገው መጡ። ከፈትኩ። ብረት ድስቱ አለ። ሳህኑ አለ። ወንበሩ አለ። ድንኳኑ የነበረበት ጥግ ላይ አንዲት ድመት ከነልጆቿ ተኝታለች።

«ድንኳኑስ?» አሉ አቶ ሌሊሳ።

እኔ ምን ላውቅ? ግን አፌ ቀደመኝ። «ጫፉ ተተርትሮ ሽሮ ሜዳ ሊሰፋ ሄዷል» አልኩ። «ባጫ እኮ ጥንቁቅ ሰው ነው!» ብለው አመስግነውዎት ሄዱ። አመሰገኑዎት፣ አባባ!

ቤት ገብቼ ሳስብ የሄዱ ዕለት ኢክረማ አይሱዙ ላይ ከሲሚንቶው ጎን የተጫነው ረዥም ጥቅል ትዝ አለኝ። «የመርከብ ዕቃ ነው» ብለውኝ ነበር። የመርከብ ዕቃ ካስማ አለው እንዴ? ኢክረማን ጠብቄ ያዝኩት። መጀመሪያ «እኔ ሹፌር ነኝ፣ ያስጫኑኝን ነው የምጭነው» አለ። ቆይቶ ግን ሁሉንም ተነፈሰ። የሰፈራችን ሰው በሙሉ ተለቅሶ የተሸኘበት ድንኳን የአሠሪዎ የአቶ ጉልላት የመዝናኛ መርከብ ጣሪያ ሆኗል። ቱሪስት ባሮ ላይ ሲንሸራሸር ቢራውን በጥላ እንዲጠጣ!

የእድሩ ንብረት ያዥ እርስዎ ነዎት። ደንቡንም ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው የሚያነቡት እርስዎው ነዎት። ድንኳን ያጠፋ ንብረት ያዥ ከነቤተሰቡ ይሰረዛል። ከተሰረዝን እርስዎን ማን ይቀብራል? እማማ መሰለችንስ? ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ላይ ድስት ስታጥብ የኖረች ሚስትዎን እኔና ኢክረማ ብቻ ተሸክመን እንድንወስዳት ነው?

መቼ ይመልሱታል? ቀን ይጻፉልኝ። «በቅርቡ» የሚል ቃል እንዳላይ።

ኢየሩ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ልልዎት ነበር። እማማ መሰለች አሳድጋኛለችና ተውኩት።


ጋምቤላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለኢየሩ

ምላስሽ ከጉለሌ እዚህ ድረስ ያቃጥላል። ይሁን፣ የኛ ዘር ነው።

ለአያትሽ ንገሪልኝ፤ አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ጉልበቴን እቀባለሁ። ሹራቡን እንዳትልክ፤ እዚህ ድንጋይ የሚያቀልጥ ሙቀት ነው፣ እኔ ካናቴራም ከብዶኛል።

ስለ ድንኳኑ ነገር አታካብጂ። አልሰረቅሁም፣ ተውሼ ነው። አቶ ጉልላት ከውጭ ያዘዘው የመርከብ ጥላ ወደብ ላይ ቀርቶበት ሲጨነቅ አየሁና «እኔ ጋ አለ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ፤ አንቺም ከማን እንደወረስሽው ይኸው። ሲወጠር ብታዪው! ልክ ለመርከባችን ለ«ንግሥተ ባሮ» ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው። እኔ ምፅዋን ከለቀቅሁ ወዲህ የመርከብ ሞተር ደረቴ ውስጥ ሲመታ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር። በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የሚሰማኝ። ድሮ እኮ ከካርቱም ድረስ መርከብ እዚህ እየመጣ ቡና ይጭን ነበር። አቶ ጉልላት «ከዚህ እንጀምራለን፣ ከዚያ በየሐይቁ፣ ከዚያ እግዜር ካለ እስከ ባሕር» ይላል። «የአገሪቱ የመርከብ ጉብኝት አባት አንተ ነህ» ብሎኛል። ነጭ የካፒቴን ልብስም አሰፍቶልኛል፤ ባሕር ኃይል እያለሁ እንኳ ለብሼው የማላውቀውን።

ምረቃው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የዘገየው ውሃው ትንሽ ጎደል ስላለ ነው። የዚህ አገር ሰዎች «እስከ ክረምት አይመለስም» እያሉ ይስቁብኛል። በእኔ! ምፅዋ ላይ ጠዋት የሄደ ውሃ ማታ ሲመለስ ስንቱን ዘመን ያየሁ ሰው ነኝ። ይመለሳል።

ደግሞ ጥር መጣ። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ሰው አይሞትበትም። ለሌሊሳ የነገርሽው ጥሩ ነው፤ እሱንው ቀጥይበት። ቁልፉን አጥብቀሽ ያዢ።

አያትሽ ባጫ


ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

«እሱንው ቀጥይበት»! ሌላው አያት ለልጅ ልጁ «ትምህርትሽን ቀጥይበት» ይላል።

እሺ፣ ቀጥያለሁ። ድንኳኑ ሽሮ ሜዳ ነው። ሰፊው ታሟል። ሰፊው ድኗል ግን ክር አልቆበታል። አሁን ደግሞ ሰፊው አገሩ ገብቷል። አቶ ሌሊሳ ትናንት «የሚሰፋልን ሰው ዘመድ ሳይሞትበት አልቀረም፣ ሄደን እናስተዛዝነው እንዴ?» አሉኝ። የሌለ ሰው ሊያስተዛዝኑ ነው!

ከዚህ ሌላ አዲስ ሥራ ይዣለሁ። ድንኳኑ እስኪመለስ የሰፈሩን ሽማግሌዎች በሙሉ በሕይወት ማቆየት። የሚከፍለኝ የለም። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እዞራለሁ። ጡረተኛው መምህር ያለ ጋቢ በረንዳ ላይ ከተቀመጡ አስገባቸዋለሁ። የአቶ ሌሊሳ ደም ግፊት ከፍ ስላለ ከወጥ ቤታቸው ጨው ሰርቄያለሁ፤ ሚስታቸው አይጥ ነው ብላለች። ጡሩምባ ነፊያችን ከእጽዋት ማዕከሉ በላይ ያለውን ዳገት በእግራቸው ሲወጡ አግኝቼ እየጎተትኩ መልሻቸዋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ስፖርት እየሠራሁ ነው!» አሉኝ። «በየካቲት ይሥሩ!» አልኳቸው። የኛ ቄስ «ይህችን ልጅ እግዚአብሔር ጎበኛት» ብለዋል። የጎረቤታችን የእነ ሀሌሉያ ፓስተር ደግሞ ወጣቶች ከእኔ እንዲማሩ ተናግሯል። አባባ፣ ሃይማኖቶቹን በሙሉ እያታለልኩ ነው።

የሚያሰጋኝ እትዬ ዓለምፀሐይ ናቸው። ያስላቸዋል። በየቀኑ ዝንጅብል አፍልቼ እወስዳለሁ። ትናንት ብርጭቆውን ተቀብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝና፣

«ኢየሩ፣ ልትወርሺኝ ነው?»

«አይ፣ እትዬ።»

«ከሁለት ዶሮ ሌላ ምንም የለኝም።»

«ዶሮዎቹን አልፈልግም።»

«ታዲያ ትንፋሼን ምን ያስቆጥርሻል?»

ምን ልበል? «ስለምወድዎት ነው» አልኩ። መጀመሪያ ውሸት ነበር።

አሁን ስለ ውሃዎ። አባባ፣ ምፅዋ ባሕር ነው። ባሮ ወንዝ ነው። ባሕር ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል፤ ወንዝ የሄደበት አይታወቅም፣ የሚመጣውም ሲዘንብ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን ሚልካን ጠየቅኋት። የካርቱሙ መርከብ የሚመጣው ክረምት ላይ፣ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር አለችኝ። ቱሪስቱ የሚመጣው በበጋ፣ ውሃው የሚመጣው በክረምት! አቶ ጉልላት ነጭ ልብስ ከማሰፋቱ በፊት ይህንን አንድ ሰው መጠየቅ አቅቶት ነው? የሚስቁብዎት ሰዎች እኮ ወንዙ ዳር የተወለዱ ናቸው!

አንድ ነገር ደግሞ አላስተኛኝም። «ልክ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል» ብለዋል። የኛ ድንኳን ግማሽ ሰፈር ይይዛል። መርከቡ የሚይዘው እንደ አንድ ቅጥቅጥ ነው አለ ኢክረማ። የተረፈው ሸራ የት ገባ?

ይመልሱልኝ።

ኢየሩ


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢየሩ፣

ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ አትርሺ። እኔ ፀጉሬን ባሕር ላይ ያሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ውሃ ከአስተማሪሽ አልማርም።

ምረቃው ወደ ጥር ተዛውሯል። ምክንያቱ ውሃው አይደለም፤ የአቶ ጉልላት እንግዶች አልተመቻቸውም። መርከቡ አሁን ትንሽ አሸዋ ላይ አርፏል። አርፏል ነው ያልኩት፤ ተቀርቅሯል የሚሉትን አትስሚ።

ስለ ሸራው ለጠየቅሽው፣ ድንኳኑ ትንሽ ተስተካክሏል። ትርፉ አልተጣለም፣ ለመቀመጫ ልብስ ሆኗል። ጨርቅ ጨርቅ ነው፣ ይገጣጠማል።

የዓለምፀሐይ ሳል እንዴት ነው? ዝንጅብሉን በማር አድርጊላት። ያንን ድንኳን ስናሠራ ጫፉን ዙሪያውን በእጇ የዘመዘመችው እሷ ናት። መኪና የሰፋው ይተረተራል ብላ እምቢ አለች። ዘምዘማውን እንዳልነካሁት ንገሪ... ተይው፣ ምንም አትንገሪያት።

ባጫ


ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

«ተስተካክሏል»። ይህን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። የዶሮ አንገት ለገና ሲስተካከል ነገ አያለሁ።

ቆረጡት። በመቀስ። የሞቱትን ሁሉ ያስጠለለውን ድንኳን ቆርጠው ቱሪስት እንዲቀመጥበት ሰጡ! ለማን ብለው? መርከብ ለማያንሳፍፍ ሰው! አንድ ነጭ ልብስ አየና አያቴ ዓይኑ ጠፋ። እኔ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ «ቆንጆ ነሽ» ስላለኝ ደብተሬን ሳውሰው «ሞኝ» ብለው ሳምንት ሰድበውኝ አልነበር? አቶ ጉልላትም «አባት ነህ» ነው ያለዎት። በቃ። ያው ነው።

«አትንገሪያት» ያሉኝንም ለእትዬ ዓለምፀሐይ ነግሬያቸዋለሁ። መዋሸት ሰለቸኝ። ዝንጅብሉን ይዤ ገባሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከሲሚንቶው ጀምሬ እስከ መቀሱ ድረስ ተናገርኩ። ይራገማሉ ብዬ ነበር። ሳቁ፣ አባባ። ሳሉ እስኪይዛቸው ሳቁ፤ ውሃ እስካጠጣቸው ድረስ።

«እስቲ ድገሚው፣ መርከቡ አሸዋ ላይ ነው?»

«አዎ።»

«ባጫም ነጭ ለብሶ ላዩ ላይ ቆሟል?»

«አዎ።»

«ጉማሬስ አይተዋል?»

«ኢክረማ ጉማሬ የሚባል አላየሁም ነው የሚለው። ብቻ አቶ ጉልላት ሸራው ላይ አሥሎታል አሉ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ዘምዘማውን ስሰፋ የመጀመሪያ ልጄን ቀብሬ መመለሴ ነበር» አሉኝ። «ያኔ ድንኳን አልነበረንም። ሰው ዝናብ ላይ ነበር የተቀመጠልኝ። ሁለተኛ ማንም እንደዚያ እንዳይቀመጥ ብዬ ነው።» ይህን ያውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው «አትንገሪያት» ያሉኝ።

መልእክታቸው ይኸው፣ ቃል በቃል። «ለባጫ ጻፊለት። ጉማሬ ጥላ አይፈልግም፤ ውሃ ውስጥ ይገባል። እኔ ግን እፈልጋለሁ። ድንኳኑ እስኪመጣ ጠብቄ ነው የምሞተው፣ እሱም ይፍጠን። ለጥምቀት ያምጣ።»

ለጥምቀት።

ኢየሩ


ጋምቤላ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢየሩዬ፣

ጥምቀት አይሆንልኝም። ምረቃው ቁርጥ ሆኗል፤ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ነው። እንግዶቹ ተጠርተዋል፣ ከብቱ ተገዝቷል። ድንኳኑ ይፈታ ብዬ አቶ ጉልላትን ለመንኩት። «አገር ሊያየን ነው፣ ጣሪያ የሌለው መርከብ ላሳይ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለአገር ነው እኮ፣ ለእኔ አይደለም።

ያንኑ ዕለት ማታ አስፈትቼ እጭነዋለሁ። ዓለምፀሐይን ትንሽ ታገሺኝ በያት። የምትታገስ ሴት ናት።

ገና እንዴት ዋለ የሚለውን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይቅርታ።

ባጫ


ጉለሌ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምፀሐይ የቃና ዘገሊላ ማግስት አረፉ።

ታገሱዎት፣ አባባ። በዓሉን በሙሉ ታገሱ። ታቦቱ ሲያልፍ በመስኮት እንዲያዩ ደግፌያቸው ነበር፤ «ኢክረማ አልመጣም?» አሉኝ። «እየመጣ ነው» አልኩ። የመጨረሻዋ ውሸቴ እሷ ናት።

ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ። አቶ ሌሊሳ ጎበዛዝቱን አስከትለው እኛ በር ላይ መጡ። «ልጄ፣ ቁልፉን» አሉ። እኔው ሄጄ ከፈትኩላቸው። ሁሉም ጥጉን አዩ። ድመቷ እንኳ ልጆቿን ይዛ ሄዳለች። «ሽሮ ሜዳ የለም» አልኩ። «ጋምቤላ ነው፣ መርከብ ላይ። ስዋሻችሁ የከረምኩት እኔ ነኝ።» አቶ ሌሊሳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቁልፉን ከአንገቴ አወለቁና «ልጅ ላይ ጥሎት ሄደ» ብቻ አሉ።

ከጎረቤት እድር ልንዋስ ሄድን። የላይኛው ሰፈር ድንኳን ሰርግ ላይ ነው። የታችኛውም ሰርግ ላይ ነው። የሚከራየውም ሁሉ ሰርግ ላይ ነው። ጥር ነዋ! በጥር ሰው አይሞትም ብለውኝ አልነበር? ሰውማ ሞተ፤ ድንኳን ነው ያጣው።

ከግንበኞች ሰማያዊ ላስቲክ አመጣን። የእንጦጦ ነፋስ እየነጠቀ ይወስደዋል። ካስማ ሲመቱበት ተቀደደ። በመጨረሻ ወንዶቹ አራቱን ጫፍ በእጃቸው ይዘው ቆሙ፣ ተራ እየገቡ። ጡረተኛው መምህር ሳይቀሩ ቆሙ፤ ስንት ቀን ከብርድ ያስገባኋቸው ሰውዬ። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እትዬ ማንም ሁለተኛ እንዲህ እንዳይቀመጥ ብለው በእጃቸው ዘምዝመው ነበር። ከአጥሩ ማዶ የሰርጉ ድንኳን ውስጥ ሰው በጥላ ይጨፍር ነበር።

ይህንን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ለቱሪስት ጥላ፣ ለሐዘንተኛ ፀሐይ። አገር ሊያየን ነው አሉኝ? አገር ማለት እኮ እነዚያ ላስቲክ ይዘው የቆሙት ሰዎች ናቸው።

እሑድ እድሩ ይሰበሰባል። የእርስዎ ስም ይነሳል።

ደብዳቤዬ በምረቃው ዕለት የሚደርስ ይመስለኛል። እንኳን አደረሰዎት።

ኢየሩ


አምቦ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢየሩ፣ ልጄ፣

ይህን የምጽፈው አምቦ፣ አንዲት ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ኢክረማን ቀድሞኝ እንዲገባ ልኬዋለሁ። እኔ ከዚህ ማለፍ አቃተኝ።

ደብዳቤሽን ኢክረማ የሰጠኝ እንግዶቹ ምሳ ላይ ሳሉ ነው። ነጩን ልብስ ለብሻለሁ። መርከቡ አሸዋ ላይ ነው፤ ከአሸዋው አልተነሳም፤ ከኅዳር ጀምሮ አልተነሳም። እውነቱ ይኸው። ውሃው ከእኛ ርቆ እንደ ቦይ ቀጥኗል። አቶ ጉልላት ጠዋት ጠርቶኝ «ሞተሩን ብቻ አስነሳ፣ ይንቀጥቀጥ፤ እንግዶቹ የሄዱ እንዲመስላቸው» አለኝ። አስነሳሁ። ወንዝ ዳር የቆሙት ሕፃናት በሳቅ ተንከባለሉ። እንግዶቹ ብርጭቆ አጋጩ። እኔ ሞተሩን ይዤ ቆሜ ነበር፣ የቆመ መርከብ እያንቀጠቀጥኩ።

አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። የዳቦውን ቢላ ከጠረጴዛው አነሳሁና ወጥቼ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። ፀሐይዋ ምሳቸው ላይ ወረደች። አቶ ጉልላት «አበድክ!» ሲል በከንፈሩ አወቅሁ። እንግዶቹን ከመቀመጫ አስነስቼ የተቀመጡበትንም ጨርቅ ሰበሰብኩ። አንዷ ሴትዮ ድርሻዬ ነው ብላ ይዛ ቀርታ ነበር፣ እሷንም አስለቀቅኋት። ነጩን ልብስ አውልቄ የመርከቡ መሪ ላይ ሰቀልኩት።

ሁሉም ቁራጭ እኔ ጋ ነው። ዘምዘማው አልተነካም። ግን ላዩ ላይ «እንኳን ወደ ንግሥተ ባሮ በደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አለው፣ ከነጉማሬው። በላምባ ፈተግሁት፣ አልለቅ አለኝ። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ውሃ የማያነሳውን ስጡኝ ብዬ።

ለዓለምፀሐይ የምለው የለኝም። የምነግራትም የለችም።

እሑድ ምን ወሰኑ? ልምጣ ወይስ ድንኳኑን ብቻ ልላከው?

አያትሽ


ጉለሌ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ኢክረማ ዛሬውኑ ተመልሶ ይወስድዎታል፤ ይህንን ያንብቡና ይነሱ።

እሑድ ሰው ሞልቶ ነበር። አቶ ሌሊሳ ደንቡን አነበቡ፤ እርስዎ ስለሌሉ መነጽራቸውን ፈልገው ለማንበብ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። «ከነቤተሰቡ ይሰረዝ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እማማ መሰለች ተነሳች። እሷን ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምተዋት ያውቃሉ? እኔም አላውቅም።

«ባጫን የፈለጋችሁትን አድርጉት» አለች። «እኔን ግን ከመሰረዛችሁ በፊት ትልቁን ድስት የሚያወርድ ሰው አሳዩኝ።»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ሴቶቹ ባንድነት «መሰለች ከወጣች እኛም ድስቱን እናስቀምጣለን!» አሉ። አቶ ሌሊሳ ወረቀቱን አጠፉት።

አልተሰረዝንም። ግን ነጻ ወጡ ማለት አይደለም። ንብረት ያዥነትዎ ቀርቷል። ቁልፉን አቶ ሌሊሳ መልሰው እኔ አንገት ላይ አሰሩት። «ሁለተኛ አትዋሺም፣ ስትዋሺ ምን እንደምትመስዪ አይቻለሁ» አሉኝ። በዚያው የሰረቅሁትን ጨው መለስኩላቸው።

ድንኳኑ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ይሰፋል፤ አሁን በእውነት። ቁራጮቹን ሰፊው ፊት ይዘው የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። ጽሑፉ አልለቅ ካለ ይሁን ተብሏል። ጡረተኛው መምህር «ጉማሬው ወደ ውስጥ ይዙር፣ ሰው ሁሉ ቀና ሲል ይየው» አሉ፤ በድምፅ ብልጫ አለፈ። መጀመሪያ የሚተከለው የካቲት ላይ ለእትዬ ዓለምፀሐይ አርባ ነው። ያን ቀን እርስዎ አይቀመጡም። ሰዎቹ ላስቲኩን ይዘው እንደቆሙ፣ እርስዎ ሰው በልቶ እስኪነሳ መካከለኛውን ምሰሶ ይዘው ይቆማሉ። ምሰሶው እንደሆነ ያለ እርስዎም ይቆማል። ቢሆንም ይይዛሉ። ከዚያ በኋላም በየለቅሶው ድንኳን የሚተክሉት እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው ለእርስዎ እስኪተክል ድረስ።

«ድንኳኑን ብቻ ልላከው?» ብለው ጠየቁኝ። አይላኩት። ይዘው ይምጡ። እርስዎ ከሌሉ ማን ላይ ልቆጣ ነው? ቁጣዬ ገና ግማሹም አላለቀም።

መኪናው ሰፈር አይገባም። አስኮ ላይ ያወርድዎታል፣ ከዚያ በእግር ነው፤ ይህም ውሳኔ ነው። ጡሩምባ ነፊያችን ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ በየበሩ ሰው ቆሞ ያያል። መሸፈኛ እንዳያለብሱት፣ ጉማሬው ይታይ። መጀመሪያ ቀጥታ እትዬ ዓለምፀሐይ በር ላይ ነው የሚወርደው፤ ሽሮ ሜዳ ከዚያ በኋላ ነው። ዶሮዎቻቸውን እኔ እየቀለብኩ ነው፤ ወረስኩ መሰለኝ።

ጥቅሉ ለአንድ ሽማግሌ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አስኮ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ሰላም አልልዎትም። ዳገቱን ጨርሰን እስክንገባ ድረስ አንዲት ቃል አላናግርዎትም።

የኋላውን ጫፍ ግን እኔ እይዛለሁ።

ኢየሩ